ኩባያዬ ውስጥ የጠቆረው ጨሞ

ተናገሪ ያሉኝ ልጆቹ ናቸው። ባይጠይቁኝ ኖሮ ይህን ነገር እንደ አሮጌ ነጠላ አጥፌ ይዤው እሄድ ነበር። የልጄ ልጅ ሰላም የመጀመሪያዋን አርግዛለች። ጤና ጣቢያ ሄዳ አይረን የሚሉትን ቀይ ክኒን ተሰጥቷት መጣች። ባለፈው ቡፌውን ስወለውል ከብርጭቆዎቹ ኋላ ሳይነካ አገኘሁት። ምነው ብላት ያቅለሸልሸኛል አለችኝ። ጓደኞቿ አብረዋት ተቀምጠው ነበር። ከእነሱ አንዷ፣ ሆዷ ገፋ ያለው፣ እኔ ደግሞ ከሻይ ጋር ነው የምውጠው፣ እንደዛ ይለሰልስልኛል ስትል ሰማሁ።

ይሄኔ የያዝኩት ጨርቅ ከእጄ ወደቀ። ልጆቹ ምን ሆንሽ ብለው ሲከቡኝ የራሴን ጀመርኩላቸው፤ መሃል ላይ እንባ ቀደመኝና አቆምኩ። ይጻፍ፣ ሌላም ሰው ይስማው አሉ። እኔ የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። ስለዚህ እኔ አወራለሁ፣ ሰላም ትጽፋለች። የሚከብደው ነገር የምናገረው የገዛ እናቷን ስላስቀየምኩበት ጊዜ መሆኑ ነው። ጻፊው ልጄ፣ ብቻ እኔን አታሳምሪኝ ብያታለሁ።

እኔ ድሮም አንድ ቤት ረግቼ የምቀመጥ ሰው አይደለሁም። ባሌ ካረፈ ወዲህ ቤቴ ከቢታ ገነት ወጣ ብላ ያለች መንደር ሆና፣ እግሬ ግን አንዴ ዋጫ ልጄ አበበች ዘንድ፣ አንዴ ቦንጋ ልጄ ተስፋዬ ዘንድ ነው። ትንሽ ቆጮ፣ ትንሽ ማር፣ ትንሽ ኮረሪማ እቋጥርና እነሳለሁ። መኪና ከተገኘ በመኪና፣ ካልተገኘ በእግሬ። አበበች ስትቀልድብኝ እናቴ እግሯን ለማፍታታት ነው ልጆቿን የበታተነችው ትላለች።

ሕመሙም የያዘኝ እዚያው መንገድ ላይ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ልጆች ቤት ለቤት መዞር የጀመሩ ሰሞን ይመስለኛል። ሁልጊዜ የምወጣት ዳገት ነበረች፤ ግማሿ ላይ ስደርስ ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይደልቅ ጀመር። ቁጭ እላለሁ፣ ዓይኔ ይጨልማል፣ ትንሽ ቆይቶ ይመለሳል። እርጅና ነው አልኩ። ከዚያ ጥፍሬ ሳሳና መሃሉ ጎደጎደ፤ ውሃ ጠብ ቢልበት የሚቋጥር ሆነ። ምላሴ እንደተላጠ ሆኖ በርበሬ አልችል አለ። ክረምት ሳይሆን ይበርደኛል።

ከሁሉም የደበቅኩት ግን አፈሩን ነው። ዝናብ ሲያካፋ ከግድግዳው ጭቃ የሚነሳው ሽታ ምራቄን ያመጣው ጀመር። ምግብ ቀርቦልኝ ሆዴ ያለው ግድግዳው ዘንድ ነው። ከአልጋዬ ኋላ በጥፍሬ ቆርቆር አድርጌ እንደ ቆሎ እበላለሁ። እንዲህ የሚያምራት ነፍሰ ጡር ናት፤ እኔ የልጅ ልጅ ያየሁ ሴት ምን ብዬ ለማን እናገራለሁ? አፌን በነጠላ ጠርጌ ዝም። ያኔ ለአንድ ሐኪም ትንፍሽ ብል ብዙ ነገር ባጠረ ነበር። አሁን ስሰማ አፈር ማማር ራሱ የደም ማነስ ምልክት ነው አሉ። እና አፈር የሚያምረው ካለ አይፈር፣ ለሐኪም ይንገር።

ዋጫ ስደርስ አበበች ፊቴን አይታ ሱቋን ዘግታ ወደ ክሊኒክ ወሰደችኝ። አግዳሚው ላይ ሰው እንደ ቡና ፍሬ ተደርድሯል። አጠገቤ የማላውቃት ሴት ሕፃን አቅፋ ተቀምጣ ነበር። ስንቀጠቀጥ አይታ ሙዟን ከሁለት ቆርሳ ግማሹን ሰጠችኝ። ስሟን እንኳ አልጠየቅኋት። ተራዬ ሲደርስ ሆዴን ጫን ጫን አደረጉና ጨጓራ ነው አሉኝ። የሚታኘክ ነጭ ክኒን ተሰጠኝ። አኘክሁ፣ አኘክሁ፣ ዳገቱ ግን ዳገት ነው። ሌላ ክሊኒክ ሄድን፣ ታይፎይድ ነው ተባለ፣ መርፌ ተወጋሁ። የአበበች ሱቅ ሲዘጋ ሲከፈት ደንበኛ ሸሸ። ባሏ በፊቴ ምንም አይልም፤ ግን እራት ላይ ድምፁ እያጠረ መጣ። ጎረቤት ዓይን ነው አለ፤ ጸበል ወረድኩ፤ ጸበሉ ነፍሴን አረጋጋት፣ ጉልበቴ ግን አልተመለሰም። ማታ ማታ ልቤ ሲደልቅ እየሰማሁ ነገ አልነሳም እያልኩ ተኛሁ፤ ሁልጊዜም ነጋ።

በመጨረሻ እንግዲህ ተስፋዬ ይየኝ ብዬ ቦንጋ ገባሁ።

ተስፋዬ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ይሠራል። ሚስቱ አማረች አስተማሪ ናት፤ የሰላም እናት። የአማረች አያቶች ከሰሜን የመጡ ናቸው። እዚሁ ቦንጋ ተወልዳ ነው ያደገችው፣ የእኛን ቋንቋ ካፊኖኖንም ከእኔ ጋር ታወራለች። እኔ ግን በልቤ ደግ ልጅ ናት፣ የእኛ ግን አይደለችም የምትል አንዲት ጠጠር ነበረችኝ። ለማንም አልተናገርኳትም። ኋላ ያን ሁሉ ያደረገችው ያቺ ጠጠር ናት።

አማረች ገና ስታየኝ ወደ ብርሃን አስጠጋችኝና የታችኛውን የዓይኔን ቆብ በጣቷ ዝቅ አደረገች። "እማማ፣ ውስጡ ነጭ ነው" አለችኝ። በማግስቱ ከትምህርት ቤት አስፈቅዳ ሆስፒታል ወሰደችኝ። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ከሰሜን በኩል የመጣ፣ ቶሎ ቶሎ የሚናገር። ደምም ሰገራም አስመረመረኝ። ውጤቱ ሲመጣ ደሜ በጣም አንሷል፣ አንጀቴ ውስጥም ትል አለ አለ። ትሉ በባዶ እግር ከእርጥብ መሬት የሚገባ፣ አንጀት ነክሶ ይዞ ደም የሚመጥ ነው። እኔ ደግሞ ጫማዬን መንገድ እንዳያበላሸው ብዬ በእጄ ይዤ የምሄድ ሴት ነኝ።

ሐኪሙ የገለጸልኝን እንደገባኝ ልንገራችሁ። ደም ቀይ የሆነው ብረት ስላለው ነው። የምንተነፍሰውን አየር ከሳንባ ተሸክሞ ወደ እግር፣ ወደ እጅ፣ ወደ ራስ የሚያደርሰው በዚያ ብረት ነው። ብረቱ ሲያልቅ ተሸካሚ ይጠፋል፤ ለዚህ ነው ዳገት ላይ አየር እያለ አየር ያጣሁት። ትሉን የሚገድል መድኃኒት ሰጠኝ። ከዚያ ቀዩን ክኒን ሰጥቶ፣ ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በውሃ፣ ከተገኘ ከብርቱካን ወይ ከሎሚ ጋር ዋጪ አለ። ነጩን የሚታኘከውን ተዪው፣ ክኒኑ የሚሟሟው በጨጓራ ኮምጣጣ ነው፣ ነጩ ኮምጣጣውን ይገድለዋል አለ። ሰገራሽ ይጠቁራል፣ አትደንግጪ አለ። በመጨረሻ ጣቱን አንስቶ ቡናና ሻይ ክኒኑ አጠገብ ድርሽ እንዳይሉ አለ።

አማረች ሁሉንም በካፊኖኖ ደገመችልኝ። ገባኝ።

እኔም ቡና ተውኩ። ቡና ያደገበት ጫካ ሥር ተወልጄ ቡና ተውኩ። ጎረቤት ሲጣራ ቤት ተቀምጬ ሽታውን ብቻ እስብ ነበር። በራሴ ኮራሁ።

የተስፋዬ አጥር ማዶ እትዬ አስካለ የሚሏት እኩያዬ አለች፣ የእኛው አገር ሰው። አማረችና ተስፋዬ በጠዋት ወደ ሥራ ሲወጡ፣ አማረች ክኒኔን ከውሃ ብርጭቆ ጋር ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣልኝ ትሄዳለች። እኔ ባዶ ሆዴን ቀዝቃዛ ውሃ ስልክበት ያጥወለውለኛል። ስለዚህ ክኒኑን በጨርቅ ጫፍ ቋጥሬ በአጥሩ ሽንቁር ወደ አስካለ እሻገራለሁ፤ እሷ ዘንድ ጨሞ አለ። ጨሞን ለማታውቁ፦ ቅጠሉን አድርቀን ወይ ለብለብ አድርገን፣ ፈርፍረን ከዝንጅብል፣ ከሚጥሚጣና ከጨው ጋር አፍልተን ጠዋት ጠዋት የምንጠጣው ነው። ጉሮሮ ይከፍታል፣ ሆድ ያሞቃል። ክኒኔን በእሱ ዋጥኩ። ማቅለሽለሹ ተወኝ። ደስ አለኝ።

ቅጠሉ የቡና ቅጠል ነው። እኛ ዘንድ ግን ጨሞን ቡና ነው ብሎ የሚያስብ የለም። ቡና ፍሬው ነው። ጨሞ ጨሞ ነው። ቡና አትጠጪ ያለኝ ሐኪም ቢያየኝ እንኳ የማፍርበት ነገር አልነበረኝም። አማረች ቤት ጨሞ አይጠጣም፤ እናቷም አትጠጣም ነበር። እኔ አጥር ተሻግሬ ምን እንደምጠጣ በምን ታውቃለች?

ወራት ሄዱ። ሆስፒታል ስመለስ ደሜ ያው ነው፣ እንዲያውም ትንሽ ወርዷል። ሐኪሙ በትክክል ትውጫለሽ ወይ አለ። እውጣለሁ አልኩ። አማረችም ጠዋት ጠዋት ከጠረጴዛው ላይ ያልቃል አለች። ሐኪሙ ግራ ገባው። እዚያው ሰሞን የሆስፒታሉ ፋርማሲ ክኒኑን ጨርሶ ነበር። በከተማውም ዞረን አጣን፤ ያለው ለነፍሰ ጡሮች ብቻ ነው ተባለ። አማረች እኔ አመጣለሁ አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በወረቀት ጠቅልላ ታመጣልኝ ጀመር።

አሁን በር ላይ ወዳየሁት ነገር ልምጣ። አማረች ብዙነሽ የምትባል ታናሽ እህት አለቻት። ያኔ ሆዷ ገፍቶ ነበር። አንድ ከሰዓት ከጓሮ ስመጣ ሁለቱ በር ላይ ተጠጋግተው ቆመዋል። በወረቀት የተጠቀለለ ነገር በእጃቸው መሃል ሲያልፍ አየሁ። ከወረቀቱ ጥግ ቀይ ክኒን ብቅ ብሏል። ሲያዩኝ ወሬያቸውን ቆረጡ። ብዙነሽ ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ሳመችና ቶሎ ሄደች።

 የእኔን ክኒን ለእህቷ እየሰጠች ነው አልኩ በልቤ።

ከዚያ የኩባያው ቀን መጣ። አስካለ ጓሮ ተቀምጬ ክኒኑ ምላሴ ላይ ተጣበቀብኝ፣ ነከስኩትና ለሁለት ተሰበረ። ግማሹን ዋጥኩ፤ ግማሹ ይለስልስልኝ ብዬ ኩባያው ውስጥ ጣልኩት። አስካለ ፍየሏ ጎመን ውስጥ ስትገባባት ጠራችኝና ተነስቼ አብረን አባረርን። ስመለስ ጨሞው ጠቁሯል። ቀላ ያለው ጨሞዬ የጽሕፈት ቀለም የተገለበጠበት መስሏል።

አስካለ አየችውና አማተበች። "ይሄንን ነው የሚሰጡሽ?" አለችኝ።

ሰገራሽ ይጠቁራል መባሉን ረሳሁት። ውስጤም እንደዚህ ኩባያ ጠቁሯል አልኩ። ኩባያውን እንደያዝኩ አጥሩን ተሻገርኩ፣ ክዳን ደፍቼ አልጋዬ ሥር አስቀመጥኩት። የዚያን ሳምንት አበበች ልትጠይቀኝ ከዋጫ መጣች። ለእሷ አሳየኋት። የበሩንም ነገርኳት። አበበች ነገር ሆዷ ውስጥ የሚያድርላት ሰው አይደለችም።

ተስፋዬና አማረች ከሥራ እስኪገቡ ጠበቀች። ኩባያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና፣ "አማረች፣ የእናቴን ክኒን ለእህትሽ እየሰጠሽ፣ ለእናቴ የምትሰጫት ይህ ምንድን ነው?" አለች።

ተስፋዬ ወለሉን አየ። ሰላም ትንሽ ልጅ ነበረች፣ የእናቷን ቀሚስ ያዘች። አማረች መጀመሪያ ያልገባት መስላ ኩባያውን አየች፣ ቀጥላ አበበችን አየች፣ በመጨረሻ ወደ እኔ ዞረች።

"እማማ፣ እርስዎም እንደዚህ ያስባሉ?"

አላስብም ማለት እችል ነበር። የዓይኔን ቆብ ዝቅ አድርጋ ያየችኝ እሷ ናት። ሆስፒታል አግዳሚ ላይ ራሴን ጭኗ ላይ አስደግፋ የዋለችው እሷ ናት። እኔ ግን ኩባያውን አየሁ። አፌን አልከፈትኩም።

አማረች ሌላ ቃል አልተናገረችም። ለብዙነሽም አልሰጠሁም፣ ሰጠሁም አላለችም። ዝምታዋን አበበች እንደ ማመን ቆጠረችው፤ እኔም እውነቱን ለመናገር እንደዚያው ቆጠርኩት። በማግስቱ ሰላምን ይዛ እናቷ ቤት ሄደች። ተስፋዬ ለጥቂት ቀን ነው አለኝ። ቀኑ ግን እየረዘመ ሄደ፤ የእሷ ወገን ሽማግሌ ይላክ ማለት ጀመረ፣ የእኛም ወገን ይላክ ማለት ጀመረ፣ ማንም አልላከም። ልጄ ባዶ ቤት ገብቶ ኮቱን ሳያወልቅ ይቀመጣል። እኔ ነኝ ይሄን ያመጣሁት እያልኩ በየጠዋቱ ጨሞዬን ጠጣሁ። ክኒኑንም ከአስካለ ጋር መክረን ተውነው።

ብዙም አልቆየሁ፣ ጓሮ ውስጥ ወደቅሁ።

ስነቃ ሆስፒታል ነኝ፤ ደም እየገባልኝ ነው። የተስፋዬ ደም ነው። እጁን ቀና አድርጎ አጠገቤ ሲያንቀላፋ አየሁትና ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። ከዚያ በኋላ ክኒኑን ነርሷ በእጇ ትሰጠኝ ጀመር፤ በውሃ፣ ባዶ ሆዴን፣ እስክውጥ ቆማ ታያለች። ፋርማሲው እንደገና አስገብቶ ነበር።

ብርቱካኑን የምታመጣው አማረች ናት። ከትምህርት ቤት ስትወጣ ትመጣለች፣ አትቀመጥም። ልጣ ራስጌዬ ታስቀምጣለች። የመጀመሪያ ቀን፣ "ልጣጩን ልየው ካሉ ይኸው፤ እኔ ነኝ የላጥኩት" አለችኝ።  ፊቷን ሳላይ በላሁት። በየቀኑ መጣች። አንድም ቀን አላቋረጠች።

የገባልኝ ደም አንድ ከረጢት ነው። ሐኪሙ ግን በየጊዜው ሲያስመረምረኝ ደሜ ከዚያም በላይ እየወጣ ሄደ። ተመልሶ ወረቀቱን ያያል፣ እኔን ያያል። ይህ የክኒኑ ሥራ ነው፣ ታዲያ ቤት ሳሉ ያው ክኒን ለምን ዝም አለ ይላል። 

መልሱን አስካለ በፔርሙዝ ይዛ መጣች።

ልትጠይቀኝ መጥታ ኩባያ ቀዳችልኝ። ሐኪሙ ለጉብኝት ሲገባ አየ። አስካለ እንግዳ ቆሞ አታሳልፍም፣ ለእሱም ቀዳችለት። ይሉኝታ ይዞት ፉት አለ፤ ሚጥሚጣው ዓይኑን አስለቀሰው።

"ምንድን ነው እትዬ?"

"ጨሞ ነው ዶክተር። ብርድ ያወጣል።"

"ከምን ይሠራል?"

"ከቅጠል።"

"ከምን ቅጠል?"

አስካለ ሳቀችበት። "ከቡና ነዋ፤ ቦንጋ ተቀምጠው ይሄንንም ሳያውቁ ነው?"

ሐኪሙ ኩባያውን ከአፉ አወረደ። አጎንብሶ በቀስታ፣ "እማማ፣ ቤት ሳሉ ክኒኑን በምን ነበር የሚውጡት?" አለኝ።

ያኔ ገባኝ። ሳይነግረኝ ገባኝ። በጣቴ ኩባያውን አሳየሁት።

ነርሷን ክኒን አምጪ አላት። በማንኪያ ጀርባ ፈጭቶ ጨሞው ውስጥ ጨመረውና አማሰለው። እያየነው ጠቆረ። አስካለ እንደገና ልታማትብ እጇን አንስታ መሃል ላይ ተወችው። ሐኪሙ የነገረኝን አልረሳሁትም። ሰውነት ብረትን የሚቀበለው ከጨጓራ ቀጥሎ ባለው በላይኛው የአንጀት ክፍል ነው፤ መግቢያው ጠባብ ነው፣ ጥቂት ጥቂት ነው የሚያሳልፈው። ቡና፣ ሻይ፣ የቡና ቅጠልም፣ ምላስን የሚይዝ ነገር አላቸው። ያ ነገር ብረቱን እዚያው ይይዘዋል፣ ተጣብቀው አንድ ጓል ይሆናሉ፤ ጓሉ በጠባቡ በር አይገባም፣ አልፎ ይሄዳል። ጥቁሩ ብረቱና ቅጠሉ ሲያያዙ የሚያወጡት ቀለም ነው፤ መርዝ አይደለም። ሎሚና ብርቱካን በተቃራኒው ብረቱን አሟሙተው በሩን ያሳልፉታል። "ጥፋቱ የእኔም ነው" አለ ሐኪሙ። "ቡና ስል ፍሬውን ብቻ ነበር ያሰብኩት። እኔ ባደግኩበት ቅጠሉ አይጠጣም።"

እሱ እንዲህ አለ። እኔ ምን ልበል?

አበበችና ተስፋዬ ሲመጡ ነርሷን ለምኜ በፊታቸው አስደገምኩት። አበበች የጠቆረውን ኩባያ አንስታ ወደ ብርሃን አስጠግታ አየች። "ታዲያ ይሄን ማን ያውቃል?" አለች፣ ድምፅዋ ወርዶ። አማረች ብርቱካኗን ይዛ ስትገባ ሁላችንም ኩባያውን ከበን ቆመናል። ተስፋዬ እየተደናቀፈ ነገራት። እሷ ሰማችና፣ "እንግዲህ ቀጥሎ ውሃውን መርዛዋለች እንዳትሉኝ" ብላ ብርቱካኑን ራስጌዬ አስቀምጣ ወጣች። በመስኮት ሳያት ግቢው ውስጥ ዛፍ ተደግፋ ፊቷን በሻርፕዋ ሸፍናለች።

ከሆስፒታል ስወጣ ሽማግሌ ማን ይላክ የሚለው ወሬ እንደገና ተነሳ። እኔ አልጠበቅሁም። ያስቀየምኩት እኔ ነኝ፣ አፍም አለኝ። የአማረች እናት ቤት ከፍ ያለ ቦታ ነው ያለው፣ መንገዱ ዳገት ነው። ጫማዬን አድርጌ ተነሳሁ። ግማሽ መንገድ ላይ ልቤን አዳመጥኩ፤ ቦታው ላይ ነው። ቁጭ ሳልል በራፋቸው ደረስኩ። አማረች ስታየኝ መጀመሪያ ያለችው፣ "በእግርዎ ነው የመጡት?" ነው። አዎ፣ ብረቱ ሠርቶልኛል አልኳት። ከዚያ የበደልኳትን ተናገርኩ። ተንበርክኬ ልናገር ስል ይዛ አስነሳችኝ። እሷ ሰላምን አዘለችና አብረን ወረድን። ከዚያ ወዲያ ስለዚያ ቀን አንስታብኝ አታውቅም፤ የማይለቀኝም እሱ ነው።

ክኒኑን ከዚያ በኋላም ወራት ወሰድኩ። ደህና ነኝ ልተወው ስል ሐኪሙ አይሆንም አለ። እኛ ቆጮ ጉድጓድ ውስጥ እናስቀምጥ የለ? ሰውነትም የራሱ የብረት ጉድጓድ አለው። ሰው ደህና ነኝ ሲል የዛሬው ገበታ ነው የሞላው፣ ጉድጓዱ ገና ባዶ ነው። አፈር ማማሩ ጠፋ፤ አንድ ቀን ዝናብ መጥቶ ግድግዳው ሲሸት ምንም አላለኝም። ጨሞዬን አልተውኩም፤ ክኒኑን ጠዋት በማለዳ፣ ጨሞውን ረፋዱ ላይ አደረግኩት። ሰላም፣ ላንቺም የምለው ይሄንኑ ነው። ካቅለሸለሸሽ ትንሽ ምግብ ቀመስ አድርገሽ ዋጪው፣ ወይ ስትተኚ ዋጪው፣ ለሐኪምሽም ንገሪ። ሻዩ ግን ይቆይ። የጓደኛሽም ይቆይ።

አንዲት የቀረችኝን ልናገር። ይህችን ሰላምም አታውቃትም፣ አሁን ስትጽፋት ነው የምትሰማት።

ብዙ ዓመት አልፎ የብዙነሽ ባል አረፈ። ቁጡ ሰው ነበር፣ ነፍስ ይማር። ለቅሶ ልደርስ ሄጄ እንደልማዴ ሰንበትበት አልኩ። አንድ ቀን እሷ እንሰት ስትፍቅ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ፣ በሞኝነቴ ላስቃት ብዬ ያን የበሩን ነገር አነሳሁ። አማረች ክኒኑን ስትሰጥሽ አይቼ እኮ ነው ያን ሁሉ ያሰብኩት አልኳት።

ብዙነሽ መፋቂያዋን አስቀመጠች።

"ስትሰጠኝ? የሰጠኋትስ እኔ ነኝ፣ እማማ።"

ክኒኑ የእሷ ነበር። ለእርግዝናዋ የተሰጣት። ፋርማሲው ሲጨርስ አማረች እማማ ልትሞትብኝ ነው ብላ አልቅሳባታለች፤ ብዙነሽም እኔ ወጣት ነኝ፣ እችለዋለሁ ብላ በወረቀት እየጠቀለለች አመጣችላት። ከዚያ በፊት አንድ ፅንስ ወርዶባት ስለነበር ባሏ ቢሰማ ከቤት ያባርራታል፤ እህቷን አስምላታለች። አማረች ያን ቀን በኩባያው ፊት ቆማ ዝም ያለችው መሐላዋን ጠብቃ ነው።

ብዙነሽ ያን ልጅ ስትወልድ ብዙ ደም ፈሷት ለረጅም ጊዜ ከአልጋ እንዳልተነሳች ሁላችን እናስታውሳለን። እኔ ማር ልኬላት፣ የዘንድሮ ልጆች አቅም የላቸውም ብዬ አውርቻለሁ።

የእሷን ክኒን እኔ በጨሞ ዋጥኩት። እኔ ሆድ ውስጥ ጠቁሮ ወጣ። ለእሷ ሳይሆን፣ ለእኔም ሳይሆን።